ታክሞ የሚመለስ የብልት ፈንገስ

ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ የሚያመጣው የብልት ፈንገስ በ12 ወር ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ «ተደጋጋሚ» ይባላል። ብዙ ሴቶች የሚያደርጉት አንድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒት ቤት ጎራ ብለው አንዲት ፍሉኮናዞል ይገዛሉ፣ ለጥቂት ቀን ይሻላቸዋል፣ ከዚያ እንደገና ያገረሻል። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላሉ። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፤ በሽታው ፈንገስ መሆኑን በላቦራቶሪ ያረጋገጠ ሰው አለ?

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ፈሳሽ በአብዛኛው የሚታከመው በምልክቱ ብቻ ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ገጠር ይህ ብዙ ሴቶችን ጠቅሟል። ለሚመላለስ ሕመም ግን አይበቃም። የአሳ ሽታ ያለው ፈሳሽ በአብዛኛው ከባክቴሪያ ነው፤ ትሪኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስም ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ለእነዚህ የተወሰደ ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ ፈንገሱን ተቆጣጥረው የሚይዙትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊገድል ስለሚችል ፈንገሱ መልሶ ይነሳል።

ምርመራው ቀላል ነው። ከብልት ግድግዳ በጥጥ የተወሰደው ፈሳሽ መስታወት ላይ ይቀባና 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበታል። የሰውነት ሴሎች ሲሟሙ ፈንገሱ ሳይነካ ይቀራል፤ በማይክሮስኮፕ ክብ እንቡጦችና ረዣዥም ክሮች ሆኖ ይታያል። ካንዲዳ ግላብራታ የተባለው ዝርያ ግን ክር አያወጣም፤ ስለዚህ በቀላሉ ይታለፋል። ፍሉኮናዞልንም ብዙ ጊዜ ይቋቋማል። ዝርያውን ለመለየት ካልቸር፣ ማለትም ፈንገሱን በላቦራቶሪ አሳድጎ ማየት ያስፈልጋል። ካፋ ውስጥ ቦንጋ ያለች ሴት በገብረ ፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ጠይቃ ካላገኘች፣ ወደ ጅማ ሪፈር እንዲጽፉላት ብትጠይቅ መብቷ ነው።

የተለመደው ዝርያ አልቢካንስ ከሆነ 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ይወሰዳል፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ወር ይቀጥላል። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ በሁለተኛው ወር ማቆም ልፋቱን ከንቱ ያደርጋል። የጉበት ሕመም ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትናገር። ለግላብራታ የሚታዘዘው 600 ሚሊግራም ቦሪክ አሲድ ነው፤ በብልት በቀን አንድ ጊዜ ለ3 ሳምንት ይገባል። ከተዋጠ መርዝ ነው፤ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ነፍሰ ጡር ሴት ቦሪክ አሲድም ሆነ የሚዋጥ ፍሉኮናዞል ሳትጠቀም፣ በብልት በሚገባ ክሎትሪማዞል ለ7 ቀን ትታከማለች።

ፈንገሱ የሚመላለስባት ሴት የደም ስኳሯን ትለካ፤ ኤች አይ ቪም ትመርመር። የስኳር በሽታም ሆነ ኤች አይ ቪ ፈንገሱን ሊያባብሱ ይችላሉ። ሎሚ፣ ሳሙናና ነጭ ሽንኩርት ወደ ውስጥ አይግቡ፤ የተቆጣውን ቆዳ ይብስ ያቆስላሉ። የካፋ ማር ስመ ጥር ቢሆንም የዚህ መድኃኒት አይደለም። ዝናቡ በማያባራበት ካፋ የውስጥ ልብስ ሳይደርቅ እየተለበሰ ይከርማል፤ ጥጥ መርጦ፣ እሳት ዳርም ቢሆን በደንብ አድርቆ መልበስ ይረዳል።

ብዙ ትዳር የሚያውከው ጥርጣሬ ነው። የብልት ፈንገስ የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይቆጠርም፤ ባል ምልክት ከሌለው መታከም አያስፈልገውም። ሚስቱ ላይ ጣቱን የሚቀስር ባልም ይህን ይወቅ።

ትኩሳት፣ ከእንብርት በታች ሕመም፣ ቁስል ወይም ደም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።