ወተቱ «ተመርምሯል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የምንገዛው ወተት መሰብሰቢያው ላይ ተመርምሮ ነው የሚመጣው። ሳናፈላው ብንጠጣ ምን ችግር አለው?»

አጭሩ መልስ፦ ችግር አለው። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ወተት መሰብሰቢያ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ፈጣን ምርመራዎች ይሠራሉ።

1. ላክቶሜትር፦ ወተቱ ውስጥ የሚንሳፈፍ መለኪያ ነው። ውሃ የገባበት ወተት ስለሚቀል መለኪያው ጠልቆ ይገባል። ግን ይሸወዳል፦ ቅባቱ የተገፈፈ ወተት ይከብዳል፤ ውሃ ሲጨመርበት ልኩ ተመልሶ ደህና ይመስላል።

2. የአልኮል ምርመራ፦ ወተትና አልኮል እኩል ይቀላቀላሉ። ከተቋጠረ ወተቱ መበላሸት ጀምሯል ተብሎ ይመለሳል።

ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ግን የብሩሴሎሲስ፣ የከብት ቲቢ ወይም የሳልሞኔላ ጀርም መኖሩን አያሳዩም። ከታመመች ላም የታለበ ትኩስ ወተት ሁለቱንም ሊያልፍ ይችላል። እነዚህን ጀርሞች የሚገድላቸው ማፍላት ነው።

ማፍላት የማይፈታውስ? አፍላቶክሲን! የከብት መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ፣ ሲሻግት የሚፈጠር መርዝ ነው፤ ላሟ ስትበላው ወደ ወተቷ ያልፋል። ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተወሰዱት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ላይ ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረትን ገደብ (በሊትር 0.05 ማይክሮግራም) ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ።

ይሄን እናት ምድጃዋ ላይ ልታስተካክለው አትችልም። መኖውን ደረቅ ቦታ የሚያስቀምጥ አርቢና ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ የሚያስመረምር ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ቁጥጥር ይጠናከር የምንለው ለዚህ ነው።

ወተት አትጠጡ እያልኩ አይደለም! በእጃችን ያለውን ግን እናድርግ፦

- አረፋው ስለተነሳ ብቻ አታውርዱት። እሳቱን ቀንሳችሁ፣ እያማሰላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፍላ።
- እርጎም ካልፈላ ወተት ከተሠራ ያው ነው። መጀመሪያ አፍሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ እርሾ ጨምሩበት።
- የታሸገ ፓስቸራይዝድ ወተት ከፍሪጅ ውጪ ተቀምጦ ካገኛችሁት ተዉት፤ ቀኑንም እዩ።

በመጨረሻ፦ ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ካለባችሁ፣ ጥሬ ወተት የምትጠጡ ከሆነ ለሐኪማችሁ ሳትጠየቁ ንገሩ። ብሩሴሎሲስ ከታይፎይድ ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ መድኃኒታቸውና የሚወሰድበት ጊዜ ግን ይለያያል።

ጥሬ ወተት ለሚወድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።