ካርሎፎርቴ፦ ቋንቋዋን ይዛ ባሕር የተሻገረች ከተማ

ከሳርዲኒያ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከፖርቶቬስሜ ወደብ መርከብ የተሳፈረ ሰው አርባ ደቂቃ ያህል ተጉዞ ሳን ፒዬትሮ ደሴት ይደርሳል። ደሴቲቱ 51 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አላት። ከተማዋ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ 6 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ካርሎፎርቴ። ማዘጋጃ ቤቷ ሙሉ ደሴቲቱንና በአጠገቧ ያሉትን ትንንሽ ደሴቶች ያስተዳድራል። መሬቱ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ዓለት ነው። ምዕራቡ ዳርቻ ገደላማ ሲሆን፣ ከአፍሪካ የሚመጣው የኤሌኦኖራ ጭልፊት በየበጋው እዚያ ጎጆውን ይሠራል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በምሥራቅ፣ ነፋስ በማያይልበት የባሕር ዳር ነው፤ ፍላሚንጎ የሚያርፍባቸው የቀድሞ የጨው ኩሬዎችም ከጎኗ ናቸው።

ካርሎፎርቴን ከአብዛኞቹ የሳርዲኒያ ከተሞች የሚለያት ግን መልክዓ ምድሯ አይደለም። ሕዝቧ የሚናገረው ሳርድኛ ሳይሆን ታባርኪኖ የተባለ የጄኖቫ ቋንቋ ዘር ነው። ቋንቋውን ወደዚህ ያመጣውም መንገድ በአፍሪካ በኩል የዞረ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሎሜሊኒ የተባሉ የጄኖቫ ባለጸጎች በቱኒዚያ ጠረፍ ባለችው ታባርካ ደሴት ቀይ ኮራል የማውጣት መብት አገኙ፤ ለሥራውም በጄኖቫ አቅራቢያ ካለችው ፔሊ ሰዎችን ወስደው አሰፈሩ። ሰፋሪዎቹ እዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ኖሩ። በኋላ ኮራሉ እየመነመነ፣ ከቱኒዝ ገዢዎች ጋር መኖርም እየከበደ ሲሄድ፣ አጎስቲኖ ታሊያፊኮ የተባለ መሪያቸው ከሳርዲኒያ ንጉሥ ከካርሎ አማኑኤል ሦስተኛ ጋር ተደራደረ። እ.ኤ.አ. በ1738 ከፊሎቹ ሰው ወዳልነበረባት ሳን ፒዬትሮ ተሻግረው ከተማ ቆረቆሩ፤ በንጉሡም ስም ሰየሟት። በታባርካ የቀሩት አልቀናቸውም። በ1741 የቱኒዝ ቤይ ደሴቲቱን ይዞ ለባርነት ዳረጋቸው፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ በቤዛ ተለቀው ወገኖቻቸውን ተቀላቀሉ።

ባርነቱ ካርሎፎርቴንም አልማራትም። በሴፕቴምበር 1798 የቱኒዝ የባሕር ወንበዴዎች ሌሊት ከተማዋን ወረው ከ800 የሚበልጡ ነዋሪዎችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ሳይቀር፣ አግዘው ወሰዱ። በትንሽ ከተማ ይህ ማለት ሐዘን ያልገባበት ቤት አልቀረም ማለት ነው። ምርኮኞቹ ቤዛ ተከፍሎላቸው የተመለሱት በ1803 ነው። በምርኮ ዘመናቸው ኒኮላ ሞሬቶ የተባለ ወጣት ባሕር ዳር አንድ የእንጨት ምስል አገኘ፤ ከመርከብ አፍንጫ የወደቀ ጌጥ ሳይሆን አይቀርም። ምርኮኞቹ ግን በእርሱ እመቤታችንን አዩ። ሲመለሱም ይዘውት መጡ። ምስሉ ያለባት ቤተ ክርስቲያን የባሪያው እመቤት ትባላለች፤ በየዓመቱ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 15 ክብረ በዓሏ ይከበራል። በደሴቲቱ ካየኋቸው ቅርሶች ሁሉ እጅግ የምወደው ይህንን ነው፤ ሕዝቡ መከራውን ሳይደብቅ በአደባባይ ያነግሠዋል።

የምግቡ ነገርም ያንኑ የቱኒዚያና የጄኖቫ ታሪክ ይናገራል። ከቱኒዚያ የመጣው ኩስኩስ እዚህ ካስካ ይባላል፤ በአትክልት ብቻ ይሠራል። ከጎኑ ከጄኖቫ የመጣው የሽምብራ ዱቄት ቂጣ ይቀርባል።

ከማዕድ ሁሉ የበላይ ግን ቱና ነው። ቱናው በጸደይ ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራኒያን እንቁላሉን ሊጥል ሲገባ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጠረፍ በኩል ያልፋል። አጥማጆቹ ከባሕሩ ወለል ጋር በመልሕቅ የታሰረ ረጅም የመረብ ግድግዳ ይዘረጋሉ። ዓሣው ግድግዳውን ተከትሎ ከአንዱ የመረብ ክፍል ወደ ሌላው እየገባ ይሄዳል፤ የመጨረሻው የሞት ክፍል ነው። ሥራውን የሚመራው አለቃ ራይስ ይባላል። ነፋሱንና ሞገዱን አይቶ መረቡ የሚከፈትበትንና የሚነሳበትን ሰዓት የሚወስነው እርሱ ነው፤ ያለ ትእዛዙ ማንም እጁን አያነሳም። አንዱ ዓሣ ከ200 ኪሎ ሊበልጥ ስለሚችል መረቡን ለማንሳት ብዙ ክንድ ያስፈልጋል። ከዓሣው የሚጣል የለም፤ ሥጋው ይደርቃል፣ እንቁላሉ በጨው ይታሻል፣ ልቡ ሳይቀር ይበላል። ዛሬ የሚያዘው መጠን በዓለም አቀፍ ኮታ የተገደበ ሲሆን፣ ይህ ዓይነቱ ጥንታዊ አጠማመድ ከብዙ የሜዲትራኒያን ጠረፎች ጠፍቷል።

ካርሎፎርቴ በሳይንስም የራሷ ስፍራ አላት። ከ1899 ጀምሮ የምድር ዋልታዎች እንቅስቃሴ የሚለካው በአንድ መስመር፣ በ39 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ሰሜን፣ በተተከሉ ጣቢያዎች ነበር። በጃፓን፣ በመካከለኛው እስያና በአሜሪካ ከነበሩት ጋር አንዱ በዚህች ከተማ፣ በሳን ቪቶሪዮ ማማ ነበር። ሁሉም በአንድ የሰማይ ጣሪያ ሥር ስለነበሩ እነዚያኑ ከዋክብት እያዩ ውጤታቸውን ያስተያዩ ነበር።

ቋንቋውስ እንዴት ቆየ? ከታባርካ ባርነት የተቤዡ ሌሎች ሰዎች በ1769 በስፔን ጠረፍ ባለች ደሴት ሰፍረው ነበር። የእነርሱ ዘሮች የጄኖቫ የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ቋንቋውን ግን አጥተዋል። በካርሎፎርቴና ከባሕሩ ማዶ ባለችው ካላሴታ ግን ታባርኪኖ ዛሬም የቤትና የገበያ ቋንቋ ነው። ምክንያቱ የራሳቸው ከተማ ስለነበራቸው ይመስለኛል። ማጥመዱም፣ ማዕድን በሸራ ጀልባ ማመላለሱም፣ ንግዱም በእጃቸው ነበር፤ ለመኖር ሲሉ የጎረቤትን ቋንቋ መልመድ አላስፈለጋቸውም። የሳርዲኒያ ክልልም በ1997 ባወጣው ሕግ ከሳርድኛ ጋር ታባርኪኖንም ሊጠበቅ የሚገባው ቋንቋ ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል።