ሒሳብ በዓይን አይጠናም
ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና ለወላጆቻቸው



አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት የልጃቸውን የሒሳብ ደብተር ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። «እስቲ እይልኝ መምህር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠና ነው የምታድረው፤ ውጤቷ ግን ይኸው ወደቀ። አባቷ ከእንግዲህ ትምህርቱ ይብቃት፣ አረብ አገር ትሂድ እያለ ነው» አሉኝ። ደብተሩን ገለጥኩት። በሁለት ቀለም የተጻፈ፣ አንድም ስርዝ የሌለበት፣ ያማረ ደብተር ነው። ልጅቷን አስጠርቼ ደብተሩን ዘጋሁና ከዚያው ገጽ አንዱን ጥያቄ በባዶ ወረቀት ሰጠኋት። እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። «ጋሼ፣ ሳየው እኮ ይገባኛል» አለችኝ።

የብዙ ልጆቻችን ችግር በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ አለ። ነገሩም ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ቁጥሩ ከፍ ብሎ 8.4 በመቶ ደርሷል። ያም ሆኖ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው መስመሩን አላለፈም ማለት ነው። እንግዲህ «ልጄ ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት አጠናኑን እንመርምር።

ማየት ሌላ፣ መሥራት ሌላ

የተሠራ ምሳሌ ሲነበብ እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል መሆኑ ስለሚታየን የገባን ይመስለናል። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሆነ ከራስ ማውጣትን ነው። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዝጉና በባዶ ወረቀት እንደገና ሥሩት። ከመሐል ብትቆሙ አትደንግጡ፤ የማታውቁት ነገር የቱ እንደሆነ ያወቃችሁት ያን ጊዜ ነው። የቆማችሁበትን መስመር ብቻ ተመልክታችሁ መልሳችሁ ዝጉ። ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ ሥሩት። በአንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ከመጨናነቅ ይልቅ በአምስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት መሥራት ይበልጥ ይጸናል።

ሥሩ 9ኛ ክፍል ነው

ብዙ ተማሪዎች «ካልኩለስ ከበደን» ይላሉ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ቁጥር ካሬ 4 ተቀንሶለት፣ ያው ቁጥር 2 ተቀንሶለት በሚገኘው ይካፈል። ቁጥሩ ወደ 2 ሲጠጋ ውጤቱ ወደ ስንት ይጠጋል? ተማሪው በቀጥታ 2ን ሲያስገባ ዜሮ ለዜሮ ይሆንበትና «መልስ የለውም» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን የላይኛው ክፍል «ቁጥሩ ሲቀነስ 2» እና «ቁጥሩ ሲደመር 2» ተባዝተው የሚገኝ ነው። አንዱ ከታችኛው ጋር ይጣፋል፤ የሚቀረው «ቁጥሩ ሲደመር 2» ነውና ውጤቱ ወደ 4 ይጠጋል። እዚህ ላይ ተማሪውን የጣለው ካልኩለስ ሳይሆን 9ኛና 10ኛ ክፍል ያለፈው የማብዛትና የመበተን ትምህርት ነው። ስለዚህ ክፍልፋይን፣ ርቢንና እኩልታን የሚመለከቱትን የቀድሞ ምዕራፎች መከለስ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም፤ መሠረቱን ማጥበቅ ነው።

ቀመሩ ከየት መጣ?

ቀመር ብቻ የሸመደደ ተማሪ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥበት መንገድ ይጠፋበታል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ፣ «አልጀብራ» የሚለው ቃል ከመጽሐፉ ርእስ የተወሰደለት ሊቅ፣ መልሱን ብቻ ሰጥቶ አላለፈም፤ ምክንያቱን በሥዕል አሳየ። እርሱ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ የአንድ ቁጥር ካሬ ከቁጥሩ አሥር እጥፍ ጋር ተደምሮ 39 ቢሆን ቁጥሩ ስንት ነው?

ጎኑ ያልታወቀ ካሬ ሣሉ። በሁለት ጎኖቹ ስፋታቸው 5 የሆነ ሁለት ሰሌዳ ጨምሩ። እስካሁን ያለው ስፋት 39 ነው። ትልቅ ካሬ እንዲሆን ግን ማዕዘኑ ላይ 5 በ5፣ ማለትም 25 ይጎድለዋል። 25 ሲጨመር 64 ይሆናል። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ ከእርሱ 5 ሲቀነስ 3 ይቀራል። ይህን ሥዕል አንድ ጊዜ በእጁ የሣለ ተማሪ ቀመሩ ቢጠፋበት እንኳ መልሶ ይሠራዋል። ሊቁ የመጽሐፉን ሰፊ ክፍል ለውርስ ክፍፍል ስሌት መስጠቱም ሒሳብ ከኑሮ የራቀ እንዳልሆነ ያሳያል።

የስሕተት ደብተር

አንድ ተራ ደብተር ለስሕተት ብቻ መድቡ። ገጹን ሦስት ክፈሉት፤ ጥያቄው፣ የተሳሳትኩት የት ላይ ነው፣ ትክክለኛው እርምጃ። ስሕተቱ ካለማወቅ ነው? ከችኮላ ነው? ወይስ ጥያቄውን አጣምሞ ከማንበብ? ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ስሕተት ደጋግሞ ሲመጣ ታገኙታላችሁ። ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት የሚነበበው ይህ ደብተር ነው።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችንም ምዕራፍ ሳትለዩ ቀላቅላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ያለ ካልኩሌተር ሥሩ። 65 ጥያቄ በ180 ደቂቃ ቢሰጥ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የከበደውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉና ቀላሉን ጨርሳችሁ ተመለሱበት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለው ጸጥ ያለ ሰዓት ለዚህ ልምምድ እጅግ ምቹ ነው። ለዚያ ግን ማታ በጊዜ መተኛት ያስፈልጋል፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ያጠናውን አይዝም።

የወላጅ ድርሻ

ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ብዙዎቹ ልጆች ፈተናውን የሚወስዱት ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነው ነው። ስለዚህ ራሳቸውን ችለው መሥራትን ከወዲሁ ይልመዱ። በተለይ ሴት ልጆቻችንን ውኃው፣ እንጀራውና ሕፃኑ በእነርሱ ላይ እያለ «ለምን አላጠናሽም?» ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። በቀን ሁለት ሰዓት ማንም የማይጠራት ጊዜ ይሰጣት። ወንድሞቿም ሥራውን ይካፈሉ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። እኚህ እናት ፊደል አልቆጠሩም። እንዲህ አልኳቸው፤ «ማታ ማታ ቡና ሲያፈሉ ያጠናችውን ታስረዳዎት። ያልገባዎትን ‹ለምን?› ብለው ይጠይቋት።» አደረጉት። ልጅቷ በኋላ ስታጫውተኝ፣ «እማዬ ‹ለምን?› ስትለኝ መልስ ያጣሁበት ቦታ ሁሉ የስሕተት ደብተሬ ውስጥ ገባ» አለችኝ። አባቷም አንድ ዓመት ታገሡ። በግል ተመዝግባ ደግማ ተፈተነች፤ አለፈች፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። ያ ያማረው ደብተር ግን እንደተዘጋ ነው። የጠቀማት በስርዝ በድልዝ የተሞላው ነው።

ሰበቡን ማድረስ የእኛ፣ ውጤቱ የአላህ ነው። አላህ የልጆቻችንን ልፋት ፍሬያማ ያድርገው።