ፊልሙ የማን ነው? ስለ ኃይሌ ገሪማ ደራሲነትና ፕሮዲውሰርነት

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘ ፊልም ያየሁት ሲኒማ ቤት ገብቼ ወይም ገዝቼ አይደለም። ከዶርም ጓደኛዬ ፍላሽ ገልብጬ ነው። ስለ ፊልም ባለቤትነት ሊጽፍ የተነሳ ሰው በዚህ ሲጀምር ያሳፍራል፤ ግን ከመዋሸት ይሻላል።

ለሴሚስተር እረፍት አዴት በሄድኩ ጊዜ ፊልሙን ከአያቴ ጋር በላፕቶፕ አየነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ ንግግሩም ጥቂት ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለባላባቱ ሲያርስ፣ ሲያጭድና ከብት ሲጠብቅ ይውላል። ባላባቱ ያዛል፣ ይቆጣል። አያቴ ገና ከጅምሩ አልተስማማችም። «ይኸ የእኛ አገር አይደለም። እኛ ርስተኛ ነበርን እንጅ የሰው ጭሰኛ አይደለንም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በጎጃም አብዛኛው ገበሬ መሬቱን በርስት ይይዝ ስለነበር ትልቁ ጸብ ከግብር ጋር ነበር። በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬ ያመፀውም አዲስ የታወጀውን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ነው። ፊልሙ የሚያሳየው ዓይነት ጭሰኝነት ይበልጥ የከበደው በደቡቡ የአገራችን ክፍል ነበር። እንዲያም ሆኖ የጭሰኛው ልጅ የባላባቱን ላም ከደራሽ ውኃ ላድን ብላ ስትገባ አያቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ ሰጠመች። አያቴ «ላሚቱስ?» ብላ ጠየቀችኝና ወዲያው በራሷ አፈረች።

የፊልም ጽሑፍ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እስከዚያ ድረስ ስክሪፕት ማለት ተዋናዮቹ የሚናገሩት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደራሲው አስቀድሞ የሚጽፈው የሚታየውን ነው፦ ማን ይቀመጣል፣ ማን ቆሞ ይውላል፣ ላሟ የማን ናት? አያቴን ያሳፈራትን ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ ማንም አልጠየቃትም። ታሪኩ ራሱ ነው ከአፏ ያወጣው።

ፕሮዲውሰርስ? ብዙዎቻችን «ገንዘብ የሚያወጣው ሰውዬ» ብለን እናልፈዋለን። ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ገንዘብ ያፈላልጋል፣ ባለሙያ ይቀጥራል፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላም የት፣ ለማን፣ በስንት እንደሚታይ ይደራደራል። ዋናው ነጥብ የፊልሙ መብት በማን እጅ ነው የሚለው ነው። መብቱን ለሌላ የሰጠ ደራሲ፣ ጽሑፉ ቢቆረጥ ወይም ፊልሙ መጋዘን ውስጥ ቢቀር ምንም ማለት አይችልም።

በድሮው ሆሊውድ ይህ የተለመደ ነገር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ደራሲ ማለት የስቱዲዮ ደመወዝተኛ ነው። በሳምንት ይከፈለዋል፣ የጻፈው ግን የስቱዲዮው ንብረት ነው፤ ከፈለጉ ለሌላ ደራሲ ሰጥተው ያስለውጡታል። ፕሬስተን ስተርጅስ የተባለ ደራሲ ይህ ሲሰለቸው፣ በ1940 የወጣውን «ዘ ግሬት ማጊንቲ» ለፓራማውንት በአሥር ዶላር ሸጠው። አዎ፣ በአሥር ዶላር! ቅድመ ሁኔታው ራሱ ዳይሬክት እንዲያደርገው ነበር። ፊልሙ ተሳካለት፤ የስቱዲዮው ንብረት መሆኑ ግን አልቀረም።

በእኛ አገር በ1957 ዓ.ም የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ተብሎ ይጠቀሳል። ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ ነው። ደራሲነትን፣ ዳይሬክተርነትንና ፕሮዲውሰርነትን አንድ ላይ ይዘው ረጅም መንገድ በመሄድ ግን እንደ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ያለ አላውቅም።

ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ደራሲ ናቸው፤ ተውኔትም ይጽፉ ነበር። ልጃቸው በ1967 ቲያትር ሊማሩ ቺካጎ ሄዱ፣ ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ፊልም ተማሩ። በዚያ ጊዜ እነ ቻርለስ በርኔትና ጁሊ ዳሽም እዚያው ይማሩ ነበር። እነዚህ ጥቁር ተማሪዎች ሆሊውድ ስለ እነሱ የሚሠራው አልጥም ብሏቸው የራሳቸውን ፊልም በራሳቸው ካሜራ የሠሩ ናቸው። አንዱ የሌላውን ፊልም ይቀርጽ ነበር። በርኔት በፕሮፌሰር ኃይሌ «ቡሽ ማማ» ላይ ካሜራ ይዟል። እኛ በግሩፕ አሳይመንት አንድ ሰው ሠርቶ አምስት ሰው ስሙን ከሚጽፍ ከዚህ ብንማር ጥሩ ነበር።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት፣ ደርግ ደግሞ ገና ባልተደላደለበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው። በዐሥራ ስድስት ሚሊሜትር ፊልም፣ ሙያቸው ተዋናይነት ባልሆነ ሰዎች! ፊልሙ በ1976 ወጣ። ደራሲውም፣ ዳይሬክተሩም፣ ፕሮዲውሰሩም ፕሮፌሰር ኃይሌ ናቸው። ከ1975 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

ፕሮዲውሰርነታቸው በደንብ የተፈተነው ግን በ«ሳንኮፋ» ነው። ቃሉ የጋና አካን ሕዝብ ነው፤ «ተመልሰህ ውሰድ» እንደማለት ነው። ታሪኩ አንዲት የዘመኑ ሞዴል በጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሳ ቆይታ ወደ ባርነት ዘመን ስትመለስ ያሳያል። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። አስቡት፣ ዓመታት የለፉበት ፊልም አልቆ የሚያሳየው የለም።

ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፦ አዳራሽ ተከራዩ። አከፋፋይ ሲኖር ሲኒማ ቤቱም አከፋፋዩም ድርሻቸውን ወስደው ለሠሪው የተረፈው ነው የሚደርሰው። አዳራሽ የተከራየ ግን ሰው ቢመጣም ባይመጣም ኪራዩን ይከፍላል፤ የትኬቱ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ነው። አደጋውም ትርፉም የእሱ ነው ማለት ነው። እነሱ ከዋሽንግተን ጀምረው ከከተማ ከተማ ሄዱ፤ የየአካባቢው ጥቁር ማኅበረሰብ ወሬውን እያዳረሰ አዳራሹን ሞላው። በዚያው ፊልም ስም በዋሽንግተን ከሃዋርድ ፊት ለፊት መጻሕፍትና ፊልም መሸጫ ከፈቱ።

ይህን ለአያቴ ሳጫውታት «ታዲያ አንተ ለሰውየው ስንት ከፈልህ?» አለችኝ። ምንም እንዳልከፈልኩ ነገርኳት። «እሱም እንደ ጭሰኛው ነዋ» ብላ ቡናዋን ቀጠለች። መልስ አልነበረኝም።

«ጤዛ» በ2008 ወጣ። ጀርመን ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰ ሐኪም ታሪክ ነው፤ ለመሠራት ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ፈጅቷል። በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት አገኘ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የድርሰቱ ሽልማት ነው። አንድ ጽሑፍ ይዞ ዐሥራ አራት ዓመት ገንዘብ መለመን፣ ለገንዘቡ ሲባል ግን ታሪኩን አለመሸጥ፣ ይህን የሚችል ስንት ሰው አለ? ሁሉም እንዲህ ያድርግ አልልም። በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው አራት ፊልም ሠርቶ ልጆቹን ሊያሳድግ ይችላል፤ ይህም ነውር አይደለም።

በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀረበ። በ1993 የሚያከፋፍለው ያጣው ፊልም ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ በየሰው ስልክ ላይ ገባ ማለት ነው።

እኔም አንድ ስክሪፕት ጀምሬያለሁ። የአዴት ገበያ ላይ ጤፍ ስለሚሸጡ ወንድማማቾች ነው፤ ዐሥራ አንድ ገጽ ደርሷል። ሰሞኑን ያ ጓደኛዬ «ስጠኝና ላንብበው፣ በፍላሽ አድርግልኝ» አለኝ። በወረቀት አትሜ ሰጠሁት። የእሱን ፍላሽ መልሼለታለሁ፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ግን ከላፕቶፔ ላይ እስካሁን አላጠፋሁትም።