ከቀለም በፊት የዱቄት ሙጫን ከግድግዳ ስለ ማስወገድ

በብዙ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጦ ይታያል፤ ማጣበቂያውም ብዙ ጊዜ በቤት የተቀቀለ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን ልጦ ቀለም ሊቀባ ሲነሣ ግድግዳው ንጹሕ መስሎ ይታየዋል። ሙጫው ግን እዚያው ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል፤ እየተቀረፈም ይወድቃል። ጥፋቱም በቀለሙ ይላከካል።

ምክንያቱ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ነው። ዱቄት በውሃ ሲቀቀል፥ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፥ የስታርቹ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ። ሙጫው ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ይሁን እንጂ ውሃ የመጠጣት ጠባዩን አይተውም። በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ሲያገኘው እንደገና ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቀለሙንም ይዞ ይነሣል።

መፍትሔውም ከዚሁ ጠባይ ይገኛል። ግድግዳውን ለብ ባለ ውሃ አርሶ 10 ወይም 15 ደቂቃ መቆየት፥ የለሰለሰውን በመፋቂያ ማንሣት፥ ከዚያም ቶሎ ቶሎ በሚለወጥ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ይህ ለሲሚንቶ ልስን ይስማማል። የጭቃ ምርጊት ግን ራሱ በውሃ ስለሚፈርስ፥ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥቂት በጥቂት ማለስለስ ይገባል።

ሙጫው ማለቁን ዐይን አያረጋግጥም፤ አዮዲን ግን ይፈትናል። በውሃ የቀጠነ ቡናማ አዮዲን ግድግዳው ላይ ሲንጠባጠብ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለና ማጠቡ ይደገማል። ጠብታው ቢነጣ ግን ግድግዳው ነጻ ነው አይባልም፤ ኖራና አዲስ ሲሚንቶ አዮዲንን ያነጣሉና። በዚህ ጊዜ ግድግዳውን አርጥቦ በጣት መዳሰስ ነው፤ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ሙጫ ቀርቷል። በመጨረሻም ግድግዳው ፈጽሞ ሳይደርቅ ቀለም መቀባት አይገባም።