ሸክላውና ልባሱ፦ የፌላ ኩቲ ሙዚቃ በሥዕል ሲነበብ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አበው። ሙዚቃም የራሱ ብርሌ አለው፤ እሱም የሸክላው ሽፋን ነው። ውድ አንባቢያን፣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የካሴት ሽፋን የዘፋኙ ፎቶግራፍ፣ ስሙና የዘፈኖቹ ዝርዝር ያለበት ስለሆነ፣ ሽፋን ማለት ማስታወቂያ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ለመሆኑ ሽፋን ከዚህ ያለፈ ምን ሊናገር ይችላል? ለዚህ ከናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ፌላ ከከበሮ መቺው ከቶኒ አለን ጋር ሆኖ አፍሮቢት የተባለውን ስልት የፈጠረ ሰው ነው። አንዱ ዘፈኑ ብዙ ጊዜ የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ይይዛል፤ ግጥሙም የሚመጣው መሣሪያዎቹ ለረጅም ደቂቃ ከተጫወቱ በኋላ ነው። አድማጩ በዚያ ሁሉ ጊዜ እጁ ላይ ያለው ሽፋኑ ነው። ስለዚህ ሃያ ስድስት ያህል ሽፋኖችን የሠራለት ጋሪዮኩ ሌሚ ሥዕሉን በትንንሽ ትዕይንቶች ይሞላዋል። ፌላ ተራው ሕዝብ በሚግባባበት ፒጂን እንግሊዝኛ እንደዘፈነ ሁሉ፣ ሌሚም ማንም መንገደኛ በሚያነበው የካርቱን ቋንቋ ሣለ።

ሌሚ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሠራው የመጀመሪያው ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «አላግቦን ክሎዝ» ነው። ስሙ ፌላ የታሰረበት የሌጎስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት የሚገኝበት መንገድ ነው። በሥዕሉ ላይ ፌላ ሰንሰለቱን በጥሷል፤ እስር ቤቱ ፈርሷል፤ የፖሊስ ጀልባ በዓሣ ነባሪ ተገልብጧል። «ካላኩታ ሪፐብሊክ» ብሎ የሰየመው መኖሪያ ቤቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ ሽፋን የሙዚቀኛን ገጽታ ይገነባል የምንለው ይህንን ነው። ነገር ግን የተገነባው ገጽታ ለባለቤቱ ዕዳም ይሆናል። ፌላ እ.ኤ.አ. በ1976 ትእዛዝ ብቻ የሚያውቁ ወታደሮችን በሚሳለቀው «ዞምቢ» ሽፋን ላይ የወታደሮችን ፎቶግራፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1977 አንድ ሺህ ያህል ወታደሮች ካላኩታን ከበው አቃጠሉት። የመብት ታጋይዋን እናቱን ፉንሚላዮን በመስኮት ወረወሯቸው፤ እሳቸውም በሚቀጥለው ዓመት አረፉ። በሥዕል የማይነቀነቀው ቤት በእውን ዐመድ ሆነ።

ፌላ ግን ያንን ገጽታ አልጣለም። ሃያ ወር ታስሮ ከተፈታ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው «ቢስትስ ኦቭ ኖ ኔሽን» ሽፋን ላይ ሌሚ ቦታን፣ ታቸርንና ሬገንን ቀንድ አብቅሎላቸው ሣላቸው።

የሸክላ ሽፋን ስናይ ታዲያ «ያምራል ወይ?» ከማለት አልፈን፣ «ይህ ሰው በዚህ ሥዕል ምን ቃል ገባ? ቃሉንስ በምን ዋጋ ጠበቀ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ፌላ ዋጋውን በቤቱና በእናቱ ሕይወት ከፍሏል።

ቸር ይግጠመን።