ሦስት አካል፣ ናፍሲ ታቱ

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኢምባካሲ፣ አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው በሚያልፉበት ሰፈር፣ አቦሉ ተጠጥቶ ጀበናው ለቶና ወደ ምድጃው በተመለሰበት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው ተወልዳ ያደገች የ12 ዓመት ልጅ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሥላሴ ሥዕል፣ ጢማቸው የነጣ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሦስት አረጋውያን በአርባዕቱ እንስሳ መካከል የሚታዩበትን፣ እያሳየችኝ «ጋሼ፣ እማዬ ሦስት አካል ትለኛለች፤ ከጎረቤቶቻችን ጋር በሄድኩበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን በስዋሂሊ ናፍሲ ታቱ ይላሉ፤ ሥላሴ ሦስት ሰውነት ነው ያላቸው ወይስ ሦስት ነፍስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ናፍሲ ከዐረብኛ የመጣ፣ ከእኛ ነፍስ ጋር ሥሩ አንድ የሆነ ቃል ነው። አካል ደግሞ በዕለት ንግግራችን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ያለው ሰውነት ነውና ልጅቱ መሳሳቷ አያስደንቅም። ሊቃውንቱ ግን በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት አካል ሲሉ አጥንትና ሥጋን ሳይሆን፣ በራሱ ጸንቶ የሚኖረውን፣ «እኔ» ብሎ የሚናገረውንና «አንተ» ተብሎ የሚጠራውን ማለታቸው ነው።

ይህን ቃል አጥብቆ ለመያዝ አበው ብዙ ደክመዋል። ሰባልዮስ በ3ኛው መቶ ዓመት ሦስቱን የአንድ አካል ሦስት ስሞች ብቻ አድርጎ ነበር፤ ዛሬም በአገራችን «ኦንሊ ጂሰስ» ከሚባሉት ምእመናን ጋር ያለው ክርክር የሚዞረው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የእግዚአብሔር መልክ ሊታወቅ አይችልም ይሉ ከነበሩት ከዘሚካኤላውያን ጋር በብርቱ ተከራክረዋል፤ እኔም ያንን የግድግዳ ሥዕል ባየሁ ቁጥር ይህ ሙግት ትዝ ይለኛል።

ለልጅቱ ግን ከሁሉ የቀለለ መስሎ የታየኝ የግብር ሦስትነት ነበር፤ አብ ወላዲና አሥራጺ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ መባላቸው፣ አንዱ ከሌላው የሚለየው በባሕርይ ወይም በሥልጣን ሳይሆን ከሌላው ጋር ባለው ግንኙነት መሆኑን ያሳያልና፣ «እናትሽ እናት የተባለችው አንቺን ስለ ወለደች አይደለምን?» አልኳት።

ጥቂት ዝም ብላ «እማዬ እኔ ሳልወለድ እናት አልነበረችም፤ አብስ ወልድ ሳይኖር ምን ይባል ነበር?» አለችኝ።

አርዮስን ያሳተው፣ ሠለስቱ ምእትንም እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የሰበሰበው ይህ «ሳይኖር» የሚለው ቃል ነበር፤ የአብ አባትነት መጀመሪያ የሌለው ከሆነ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ከቶ እንደሌለ አትናቴዎስ ዕድሜውን ሙሉ፣ አምስት ጊዜ ከመንበሩ እየተሰደደ፣ ተሟግቷል። እኔ ይህን ለሕፃን በሚሆን ቃል እንዴት እንደምናገረው ሳወጣ ሳወርድ፣ እናቲቱ ቶናውን መቅዳቷን ትታ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የያዘችውን ጸሎተ ሃይማኖት፣ «እምቅድመ» ከሚለው ቃል አንሥታ፣ ለልጇ ቀስ ብላ ትፈታላት ጀመር።